አደይን በውሃ ቀለም

መስከረም 1 ጠዋት ስልክዎን ሲከፍቱ የሚደረደሩትን ምስሎች ያውቋቸዋል። ያው ቢጫ አበባ፣ ያው «እንኳን አደረሳችሁ»፣ ከአንዱ ግሩፕ ወደ ሌላው ሲንከባለል የመጣ። አንድን መልእክት ለሺህ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ የእኔም የቢሮ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለው መልእክት ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

ቀድሞ ሴቶቹ ልጆች አደይ ይዘው «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ወንዶቹ በጳጉሜን ተጎንብሰው የሣሉትን ፀሐይ፣ መልአክና አበባ ይዘው በየቤቱ ያንኳኩ ነበር። ባለቤቱም መርቆ ሳንቲም ይሰጣል። በኋላ ከሱቅ የተገዛ የታተመ ካርድ ማዞር ተለመደ፤ አሁን ደግሞ እሱም እየቀረ ነው። ከሥዕሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የቀረው ማንኳኳት ነው። በኮንዶሚኒየም ያደገ ልጅ የፊት ለፊቱን በር የሚያንኳኳበት ምን ሌላ ምክንያት አለው?

ዘንድሮ ሴት ወንድ ሳይሉ ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት። የልጆች የውሃ ቀለም፣ አንድ ወፍራምና አንድ ጫፉ ሹል ብሩሽ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይበቃል። ገንዘብዎን ወረቀቱ ላይ ያውሉት። የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ 300 ግራም የሚባለው ወፍራም ወረቀት ግን ይችለዋል። ኤ4 ከሆነ ለሁለት ቆርጠው እያንዳንዱን ቢያጥፉ ሁለት ካርድ ይወጣዋል።

የእርሳስ ንድፍ አያስፈልግም፤ በቀጥታ በብሩሹ ይጀምሩ። ባሕር ዳር ላለን ሰዎች የሚሣለው ከደጃችን ነው። ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አርጥበው የቀጠነ ሰማያዊ ከላይ ወደ ታች ይልቀቁበት፤ ሰማዩም ጣናም በአንድ ጊዜ ወጡ። የደንገል ታንኳ አንድ የጎበጠ መስመር ናት፣ ቀዛፊው ከላይዋ ቆሞ የሚታይ ትንሽ ነጥብ። ለፔሊካኑ ነጭ ቀለም አይፈልጉ፤ ቦታውን ሳይነኩ ይተዉለት፣ ወረቀቱ ራሱ ነጭ ነው። ለአደይም እንዲሁ ቦታ ያስቀሩ፣ ምክንያቱም ቢጫ በሰማያዊ ላይ ካረፈ አረንጓዴ ይሆናል። የአበባዋን ቅጠሎች የብሩሹን ጫፍ ከመሐል ወደ ውጭ ጫን እያደረጉ ያንሡ።

ዘጌ ተሻግረው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያዩ ልጆች ሁሉንም ነገር በጥቁር መክበብ ይፈልጋሉ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሎች ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉ፣ ቀለማቸው ድፍን፣ ዙሪያቸው በጥቁር የተሰመረ ነው። የውሃ ቀለም ተቃራኒው ነው፤ ከሥሩ ያለው ወረቀት ያበራል። የሥዕል አስተማሪዎች ምን እንደሚሉ እንጃ እንጂ እኔ ልጆቹን አልከለክልም። ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በቀጭን ጥቁር እስክርቢቶ ቢከቡት የአገር ወዝ ይኖረዋል።

ትልቁ ፈተና ትዕግሥት ነው። በነሐሴና በጳጉሜን የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ ቀለም በቶሎ አይደርቅም። ከሰል ላይ ማስጠጋት ወረቀቱን ያጣምመዋል። ቡና ማፍላቱ ይሻላል፦ ሰማዩን ከአቦል በፊት ይሣሉ፣ ታንኳዋን በቶና፣ አደይን በበረካ።

ደግሞ አደራ፣ የልጁን ሥዕል አያርሙ። የተጣመመች ታንኳ ብትሆንም የእሱ ናት። እርስዎ የራስዎን ካርድ ይሣሉ።

አዲስ አበባ ላሉት አያት የሚሄደውን ካርድ በሁለት ካርቶን መሐል አድርገው ከጳጉሜን 3 በፊት ለመንገደኛ ይስጡ። ከጀርባው የልጁን ስም፣ ዕድሜውንና ዓመተ ምሕረቱን ልጁ ራሱ ይጻፍ። ለጎረቤት የሚሆነውን ግን እርስዎ አያድርሱ፤ ልጁ ይሂድና ያንኳኳ።