ፋይብሪን፦ ተቆርጦ የሚወለደው ፕሮቲን

ምላጭ ጣታችንን ሲቆርጠን ደሙ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የሚረጋው እንዴት ነው? በደማችን ውስጥ ፋይብሪኖጅን የተባለ፣ 45 ናኖሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፕሮቲን ሟሙቶ ይዘዋወራል። ሞለኪውሎቹ እንዳይያያዙ ከሚያግዷቸው ነገሮች አንዱ በወገባቸው ላይ የሚገኘው ኔጋቲቭ ቻርጅ ነው፤ ተመሳሳይ ቻርጆች እንደሚገፋፉ ከፊዚክስ ትምህርት እናውቃለን። ቁስል ሲፈጠር ትሮምቢን የተሰኘው ኤንዛይም ከዚሁ ወገብ 16 እና 14 አሚኖ አሲዶች ያሏቸውን ቁራጮች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይቆርጣል። ግፊያው ይቀንሳል፤ ተሸፍነው የነበሩ መያያዣዎችም ይገለጣሉ። የተገኘው ተወላጅ ፕሮቲን፣ ማለትም ፋይብሪን፣ እየተያያዘ መረብ ይሠራል።

ይኸው መረብ በልብ ደም ቅዳ ውስጥ ያለ ቦታው ከተዘረጋ ለሞት ያደርሳል። ቁስል ሲሽር መረቡን የሚበጣጥሰው ፕላዝሚን የተባለ ሌላ ኤንዛይም ነው፤ ሐኪሞች በደም ምርመራ የሚፈልጉት ዲ-ዳይመርም የዚሁ መረብ ቁራጭ ነው።