ቴፕ ነኝ የሚለው ዲስክ

ባክአፕ የሚወስድ ቴፕ ድራይቭ አጠገብ ቆሞ ያደመጠ ሰው አንድ ድምፅ ያውቃል፦ እርር ብሎ ይነሣል፣ ቀጥ ይላል፣ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይነሣል። ማሽኑ አልታመመም፤ የሚጽፈው ዳታ አልደረሰለትም እንጂ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤልቲኦ 9 የተባለው ቴፕ ድራይቭ በሰከንድ እስከ 400 ሜጋባይት ይጽፋል። ዳታው ቀጠን ሲልበት በተወሰነ ደረጃ ዝግ ማለት ይችላል፤ ከዚያ በታች ከወረደ ግን መቆም፣ አልፎት የሄደውን ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ባለሙያዎቹ ይህን «ጫማ መጥረግ» ይሉታል፤ ሊስትሮ ጨርቁን በጫማ አፍንጫ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲስበው ላየ ሰው ስሙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሌሊቱም ያልቃል፣ ቴፑም ያልቃል።

ቨርቹዋል ቴፕ ላይብረሪ፣ በአጭሩ ቪቲኤል፣ እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሌላው ብክነት ነበር። በሜይንፍሬም ቤት አንድ ፕሮግራም ትንሽ ፋይል ጽፎ ሙሉ ካሴት ይዞ ይቀራል፤ ካሴቱ በሰፋ ቁጥር ባዶው ቦታም አብሮ ሰፋ። አይቢኤም በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያመጣው መላ ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ቴፕ ያለው ማሽን ነበር፤ ትንንሾቹን ዲስኩ ላይ ይቀበልና አጠራቅሞ አንድ ካሴት ላይ ይጽፋቸዋል። የኋላ ኋላ ብዙ አምራቾች ከጀርባ ያለውን ቴፕ ጣሉትና ዲስኩ ብቻውን ቀረ። ማስመሰሉ ግን ቀጠለ።

ማሽኑ ለባክአፕ ሶፍትዌሩ «ይህን ያህል ድራይቭ፣ አንድ የሮቦት ክንድ፣ ባርኮድ የተለጠፈባቸው ካሴቶች አሉኝ» ይለዋል። ሶፍትዌሩ «ያንን ካሴት ሦስተኛው ድራይቭ ላይ ጫንልኝ» ሲል የሚንቀሳቀስ ክንድ የለም፤ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ይከፈታል፣ በቃ። አማዞን ከ2013 ጀምሮ በሚያከራየው የዚህ ዓይነት አገልግሎት አንዱ ጌትዌይ 10 ድራይቭና እስከ 1,500 ካሴት አለኝ ይላል። አንዱንም በእጁ የነካ የለም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የድሮው የባክአፕ ፕሮግራም አይነካም፣ ጫማ መጥረግ ይቀራል፣ ፋይል ለመመለስ ካሴት እስኪጫንና እስኪጠቀለል መጠበቅ የለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ከቴፕ ሌላ ቋንቋ እምብዛም የማያውቁ ማሽኖች አሉ። ሜይንፍሬም ወይም አይቢኤም አይ የተባለው ሲስተም ላለው መሥሪያ ቤት ቪቲኤል ምርጫ ሳይሆን ድልድይ ነው።

ሁሉም ነገር ቨርቹዋል ማሽን በሆነበት፣ ሶፍትዌሩም ዲስክን በቅጡ በሚያውቅበት ቤት ግን ቪቲኤል መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ዲስክ የትኛውንም ገጽ ወዲያው የሚገልጥ መጽሐፍ ነው፤ ቪቲኤል ደግሞ ይህን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ እንደሚተረተር ጥቅልል እንዲሠራ ያስገድደዋል። ተራ ዲስክ ላይ ጊዜው ያለፈ ቅጂ ሲጠፋ ቦታው ይለቀቃል። ቨርቹዋል ካሴት ግን ጊዜው ቢያልፍም፣ ሶፍትዌሩ እንደገና እስኪጽፍበት ወይም አዲስ መለያ እስኪሰጠው ድረስ ቦታውን ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። በውስጡ አንድ ብቻ በሕይወት ያለ ቅጂ ካለ ደግሞ ሙሉው ካሴት ለእሱ ሲባል ይጠበቃል። የወደቀን ሰርቨር ከቅጂው ላይ በቀጥታ ማስነሣት የመሰለው አዲስ ችሎታም የሚሠራው በቀጥታ ከሚነበብ ዲስክ ነው፤ ሶፍትዌሩ ቴፕ ነው ብሎ ከሚያምነው ነገር ላይ አይሞክረውም።

ሻጮች «ቦታ ይቆጥባል» ሲሉ ጠጋ ብሎ መመልከት ያሻል። ቁጠባው የሚመጣው ከዲዱፕሊኬሽን ነው፤ ዳታው ይቆራረጣል፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አሻራ ይወጣለታል፣ አሻራው ቀድሞ የታየ ከሆነ ቁራጩ ዳግም አይጻፍም። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነውን ዳታ ዶሜይን ኢኤምሲ በ2009 ከኔትአፕ ጋር ተሻምቶ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ወስዶታል። ልብ በሉ፣ የዳታ ዶሜይን ማሽን ከፈለጉ ቪቲኤል፣ ካልፈለጉ ተራ የፋይል ማከማቻ ይሆናል፤ ዲዱፕሊኬሽኑ በሁለቱም አለ። እንዲያውም ቪቲኤሉ ላይ ሊበላሽ ይችላል። በቴፕ ዘመን ድራይቩ እንዳይራብ ሲባል የአምስት ስድስት ሰርቨር ዳታ እየተጠላለፈ አንድ ካሴት ላይ ይጻፍ ነበር። ያ ቅንብር ሳይነካ ወደ ቪቲኤል ሲዛወር ጥልፍልፉ በየሌሊቱ ይለያያል፣ ቁርጥራጮቹም ከትናንትናዎቹ ጋር አልገጥም ይላሉ። ዳታው ያው ሆኖ ሳለ ዲስኩ በወራት ውስጥ ይሞላል፤ ጥፋተኛው ማሽኑ ይመስላል፤ ጥፋተኛዋ ግን ማንም ያልነካት የድሮ ቅንብር ናት።

ሌላው የሻጮች ክርክር ዳታ ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ነው፦ «ቪቲኤል የጋራ ፎልደር ስላልሆነ ቫይረሱ አያየውም»። ግማሹ እውነት ነው። የባክአፕ አስተዳዳሪውን ፓስወርድ የያዘ ሌባ ግን ፎልደር አይፈልግም፤ ሶፍትዌሩን «ካሴቶቹን አጥፋ» ብሎ ያዝዛል፣ ቨርቹዋሉም ካሴት ይታዘዛል። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው እውነተኛ ካሴት ትእዛዝ አይሰማም። ቪቲኤል የቴፕን ጠባይ ሁሉ ሲኮርጅ ይህቺን አንዷን አልኮረጀም፤ ዲስክ ነውና ሁልጊዜ እንደተሰካ ነው። ስለዚህ በቪቲኤልና በተራ ዲስክ መካከል ለመምረጥ ሲባል ደኅንነትን ሚዛን ላይ ማውጣት ብዙም አይረዳም። ለተወሰነ ጊዜ ማንም እንዳያጠፋው የሚቆለፍ ቅጂ በሁለቱም ዓይነት ሊገኝ ይችላል፤ መጠየቅ ያለበት ስለ ቁልፉ ነው።

ትእዛዝ የማይሰማው እውነተኛ ቴፕ ዋጋው የታየበት ጊዜ አለ። በ2011 የፌብሩዋሪ ወር መጨረሻ ከጂሜይል ተጠቃሚዎች 0.02 በመቶ ያህሉ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ጉግል የደብዳቤዎቹን ቅጂ በተለያዩ ዳታ ሴንተሮች ያስቀምጥ ነበር፤ የማከማቻ ሶፍትዌሩ ስሕተት ግን ከአንድ በላይ የሆኑ ቅጂዎችን መታ። ደብዳቤዎቹ የተመለሱት ከኔትወርክ ውጭ ከነበሩ ቴፖች ነው። ከሌላ ዳታ ሴንተር እንደማዞር ፈጣን አልነበረም፤ ሰዓታት ፈጀ፣ ሰዎቹም ጠበቁ።