ጎተራ የሌለው ግምጃ ቤት

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ ብዙም የማትርቀው የአንከሻ ወረዳ ከተማ ስሟ ግምጃ ቤት ነው። ጎንደር ካለችው ግምጃ ቤት ማርያም ጋር እንዳትምታታ «አገው ግምጃ ቤት» ብሎ መጥራት ይሻላል። ግምጃ ድሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የከበረ የሐር ጨርቅ ነበር፤ ግምጃ ቤት ደግሞ እሱና መሰሉ ሀብት ተቆልፎ የሚቀመጥበት ነው። ዛሬም መንግሥት የሚበደርበትን ወረቀት «የግምጃ ቤት ሰነድ» እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቀው ተቋም ግን ቁልፍም፣ ካዝናም፣ ጎተራም የለውም። ሰንበቴ ይባላል።

አዊን ከሩቅ የሚያውቅ ሰው በፈረስ ያውቃታል። በበዓላቸው ቀን፣ ጥር 23፣ ካሜራው ሁሉ ወደ አገው ፈረሰኞች ይዞራል፤ ይገባቸዋልም። ሰንበቴን ግን ማንም ፎቶ አያነሳው። በግምጃ ቤትም ሆነ በየትኛውም የጎጃም ደብር ሰንበቴ የሚበላበት ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ላይ የቆመ፣ ዙሪያውን የጭቃ መደብ የተሠራለት፣ ከውጭ ሲያዩት የእህል ቤት የሚመስል ነገር ነው። እህል ግን አያድርበትም። እሑድ ይገባል፤ እሑድ ያልቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ አጥቢያ ሰዎች ይሰባሰቡና ሰንበቴ ይገባሉ። እያንዳንዱ ተራ አለው። ተራው የደረሰ ሰው ሰሞኑን ሲጋግርና ሲጠምቅ ይሰነብትና ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ቆሎውን ወይም ንፍሮውን ተሸክሞ እሑድ ማለዳ ግቢው ይደርሳል። ቅዳሴ ሲያልቅ ካህኑ ይገባል፣ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል። ለካህናቱ ይነሳል፤ ለነዳያን ይነሳል፤ ከዚያ አባላቱ ይቀምሳሉ። በጾም ከሆነ የጾም፣ በፍስክ ከሆነ የፍስክ። ሁሉም ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለ ተራ ይጠራል። ሰብሳቢውን በብዙ ቦታ «ሙሴ» ይሉታል፤ ሕዝብ ይዞ የሚሄድ ነውና ስሙ አልበዛበትም። የቀረ ሰው መቀጫ አለበት። አባት ሲሞት ልጅ ጽዋውን ይረከባል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ሰንበቴ ከአባላቱ ሁሉ ዕድሜ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ ለእኔ ከዳቦው ይልቅ የሚያስገርመኝ እሱ ነው። የተጣሉ ሰዎች አንድ ጽዋ አይጠጡም። በድንበር የተካሰሱ ሁለት ገበሬዎች ሰንበቴ ላይ ከተገናኙ ሙሴውና ካህኑ መካከላቸው ገብተው ሳያስታርቁ ጠላው አይዞርም። ዳኝነቱ የሚጸናው ፖሊስ ስላለ አይደለም፤ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ጠላ ጠምቶት ስለሚጠብቅ ነው።

ድኻውስ? ድኻው በር ላይ ነው። ብዙዎቻችን «የኔ ቢጤ» የምንለው ሰው። በዚህ ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ከለመድነው የተነሳ አንሰማውም። ለምኖ አዳሪውን «የእኔ ዓይነት፣ የእኔ እኩያ» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ፣ ሰጪውንና ተቀባዩን የሚለየው ተራ ብቻ ነው እያለ ነው። ዛሬ ባለ ተራ የሆነው ሰው በሚቀጥለው ክረምት በሩ ላይ ሊቆም እንደሚችል ያውቃል። የምንሰጠው አጥተን «እግዜር ይስጥህ» ስንል እንኳ፣ ዕዳው ከእኛ ወደ ሌላ ባለዕዳ ዞረ እንጂ አልተሰረዘም።

ለማኙም በራሱ ስም አይለምንም። ስለ እመብርሃን፣ ስለ ቸሩ መድኃኔዓለም ይላል። ይህን ሥርዓት የሚሸከመው ትልቁ ታሪክ የበላዔ ሰብእ ነው፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላው፣ በመጨረሻ ግን በማርያም ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ አጠጥቶ የዳነው ሰው። በየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ይህን ታሪክ ያልሰማ የጎጃም ልጅ የለም። ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከሰባ ስምንት ነፍስ ከበደ ብሎ የሚያምን ገበሬ፣ ቁራሽ እንጀራ ለመስጠት ጥናት አያስፈልገውም። የሰጪው ኩራት የሚቀንሰውም በዚሁ ነው፤ ቁራሹ የሰጪው ሳይሆን ስሟ የተጠራው የማርያም ነውና፣ ተቀባዩ ለሰጪው ሎሌ አይሆንም።

ከሰንበቴ ጎን ማኅበርና ዝክር አሉ። ማኅበር በወር በወር በአንድ ቅዱስ ቀን በየቤቱ የሚዞር ነው፤ ዝክር ደግሞ አንድ ቤተሰብ ለብቻው የሚያዘጋጀው። አቆጣጠሩን አስቡት፦ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ። በላዩ ላይ አራት እሑድ ጨምሩበት። ለእኛ የበዓላት ዝርዝር የሆነው ነገር፣ ዓይኑ ለማያይ ሽማግሌ የምግብ መርሐ ግብር ነው። በየትኛው ቀን በየትኛው ደብር ደጃፍ እንደሚቀመጥ ያውቀዋል።

የዚህ ሥርዓት ዋና ፍሬ ግን ለማኙ አይመስለኝም፤ የቆሎ ተማሪው ነው። ስለ ወንጌል መልእክተኛ ሲወራ አእምሯችን ላይ የሚመጣው ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ነው። በአገው ምድርና በጎጃም ግን ለዘመናት ሃይማኖት ይዞ ከአገር አገር የዞረው ሌላ ሰው ነው፦ ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያነገተ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ የያዘ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ። ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ ይሄዳል፤ ዘመድ ባለበት ከብት ጠብቅ፣ እንጨት ስበር ይሉታልና ትምህርት የለም። በመምህሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሶ ያድራል። ከትምህርቱ ሲለቀቅ በየደጁ እየቆመ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ስለ ስሟ ብላችሁ ማለቱ ነው። ውሻው ይጮኻል፣ እመቤቲቱ ትወጣለች፣ ቁራሽ ይወድቃል። የሀብታም ልጅም ቢሆን ይለምናል። ልመናው ከትምህርቱ ተለይቶ አይታይም፤ ሌላ ሰው ያበላው ሰው ካህን ሲሆን ሌላውን እንዲያስታውስ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ተማሪውን በዛብህን ያስታውሳል።

ሒሳቡን ስንሠራው ይህ ነው፦ አንዲት የአንከሻ ባልቴት ከራሷ እየቀነሰች ቁራሽ ትሰጣለች። ተማሪው ከዳዊት ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ቢችል ወደ ትርጓሜ ያልፋል። ከዓመታት በኋላ አንድ ደብር ይቀጠራል፤ የሌሎች ባልቴቶችን ልጆች ፊደል ያስቆጥራል፤ ያስታርቃል፤ ይቀብራል። በቤቱ አገውኛ እየተናገረ ያደገ ልጅ በግእዝ ሲቀኝ የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው። አንድም የውጭ ለጋሽ የለበትም፤ አንድም ሪፖርት አልተጻፈበትም። የድኻ እርዳታና የወንጌል ሥራ እዚህ አንድ አኮፋዳ ውስጥ ናቸው።

የውጭ ሰባኪዎችም በዚህ አቅጣጫ አልፈዋል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ ከአዊ ጎረቤት ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይን አይቷል። ንጉሡን አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት አስገባ፤ አገሩ ግን በደም ታጠበ፣ ንጉሡም በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የጎጃም ገበሬ ከቤተ መንግሥት የሚመጣ ሃይማኖትን በጎሪጥ ቢያይ አይፈረድበትም። በኋላ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ሚሲዮኖች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠርተዋል፤ በእነሱ ላይ የተነሳው ሐሜትም «በስንዴ ሃይማኖት ያስለውጣሉ» የሚል ነበር። ሐሜቱ ሁልጊዜ እውነት አልነበረም፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው። ዳቦና ቃል አብረው ሲመጡ ዳቦው ማጥመጃ እንዳይሆን ምን ያግደዋል?

ይህን ጥያቄ እንደ አውሮፓውያኑ በ1972 ሁለት ኢትዮጵያውያን ከሁለት አቅጣጫ ደረሱበት። በዚያ ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሳሉ፣ ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ለጋሾች ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኞች ነበሩ፤ ለስብከት ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ደብዳቤው ሰውን ሥጋና ነፍስ ብሎ ለሁለት መክፈል የእናንተ ችግር እንጂ የእኛ አይደለም የሚል መንፈስ ነበረው። በዚያው ዓመት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አቋቋመች። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ፤ የጎጃም፣ የደብረ ኤልያስ ሰው። የአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ናቸውና ዳቦና ቃል አንድ ደጅ ላይ እንደሚገኙ መጽሐፍ ሳይገልጡ ያውቃሉ። ደርግ ሁለቱንም ገደላቸው፤ ሁለቱንም በ1971 ዓ.ም. ክረምት። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከራስ አሥራተ ካሳ ግቢ ወጣ። በሃይማኖት ትምህርት የማይስማሙ ሁለት ሰዎች አንድ መሬት ውስጥ ተገኙ።

ወደ ሰንበቴው ልመለስ፤ አሞግሼው ብቻ መለየት አልፈልግም። አንደኛ፣ ተራ ሲደርስ ተበድሮ የሚደግስ አለ። ተዝካር ቤተሰብ ያራቆተባት አገር ውስጥ ነን፤ ሰንበቴም ፉክክር የገባበት ቦታ አይጠፋም። የጎረቤቱ ጠላ ከበለጠ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው፣ ለማርያም እየደገሰ ይሁን ለጎረቤቱ ራሱም አያውቀውም። ሁለተኛ፣ ሰንበቴ የለመደውን ድኻ ያውቃል፤ በሩ ላይ መቆም ያፈረውን፣ ቤቱን ዘግቶ የሚራበውን አያየውም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ ሰንበቴ ለአንድ ቀን ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ሰዎች እዚሁ አዊ ዞን፣ ቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ ሲሰፍሩ፣ የትኛውም የሰንበቴ ዳቦ ተቆርሶ ሊዳረሳቸው አይችልም ነበር። ለዚያ ጎተራ፣ መኪና፣ መዝገብና ደመወዝተኛ ያስፈልጋል።

አንዳንዴ ግን ጎተራው ከዚያው ቁራሽ ይነሳል። አበበች ጎበና እንደ አውሮፓውያኑ በ1980 ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ የወሎን ረሀብ መንገድ ላይ አገኙት። ለበረከት የያዙትን ዳቦና ጸበል ለተራቡት ሰጡ፤ ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ቤታቸው ገቡ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያ ቤት ብዙ ሺህ ልጆች ያደጉበት ድርጅት ሆኖ ነበር። የጀመረው ግን በተሳላሚ ስንቅ ነው።

በግምጃ ቤት ሰንበቴው ሲበተን ጠረጴዛው ባዶ፣ ጋኑ ባዶ ነው። የሚያስቀምጥ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ተማሪው። ከደረሰው ቁራሽ በልቶ የተረፈውን ጎጆው ጣራ ላይ ያሰጣዋል። ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ድርቆሽ ይሆናል። ሐምሌ ሲገባ፣ ጭቃው ደጅ ለደጅ መዞር ሲከለክልና የገበሬው ጎተራም ሲጎድል፣ አኮፋዳውን አውርዶ ድርቆሹን በውኃ ያርሰዋል።