ከእንግሊዝኛው «ሄድ» እስከ አማርኛው «ራስ»፦ አንድ ቃል ስንት ትርጉም ይሸከማል?

መሀል ሜዳ፣ ረቤል ወይም ዓለም ከተማ የሚማር አንድ ተማሪ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፍቶ «ሄድ» የሚለውን ቃል ፈለገ እንበል። የመጀመሪያው ፍቺ ቀላል ነው፤ ከአንገት በላይ ያለው የሰውነት ክፍል። ነገሩ ግን እዚያ አያበቃም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም «ሄድ» ነው። የወንዝ መነሻም፣ የምስማር አናትም፣ የጥቅል ጎመን ፍሬም፣ የሳንቲም አንዱ ገጽም «ሄድ» ይባላል። ግስ ሲሆን ደግሞ «መራ» ወይም «ወደ አንድ ቦታ አቀና» ማለት ይሆናል። ተማሪው «ይሄን ሁሉ ለየብቻው ልሸምድድ እንዴ?» ቢል አይፈረድበትም።

መልሱ «አያስፈልግም» ነው። ምክንያቱን ለማየት ደግሞ ከአማርኛ መውጣት የለባችሁም። እናንተ ራሳችሁ ሳታስቡት በቀን ብዙ ጊዜ የምትጠቀሙበት ተመሳሳይ ቃል አለ። ይኸው አሁን እንኳ «ራሳችሁ» ስል ተጠቀምኩበት።

ራስ የት የት ይገኛል?

እስቲ እንቁጠር። «ራሴን አመመኝ» ስትሉ የሰውነት ክፍል ነው። «ልጁ ራሱን ቻለ» ስትሉ ግን ስለ ጭንቅላቱ አይደለም የምታወሩት፤ ስለ እሱነቱ ነው። ለወጥ «ሁለት ራስ ሽንኩርት» ሲባል መቁጠሪያ ይሆናል። በድሮው ሥርዓት ደግሞ «ራስ» ከትልልቆቹ ማዕረጎች አንዱ ነበር።

የግዕዙን መልክ «ርእስ»ን ከጨመርን ዝርዝሩ ይረዝማል፦ የጽሑፍ ርእስ፣ ርእሰ አንቀጽ፣ ርእሰ ከተማ፣ ርእሰ መምህር። የመጨረሻውን እንግሊዞች «ሄድማስተር» ይሉታል፤ ቃል በቃል ያው ነው። እነሱም ነጭ ሽንኩርትን በ«ሄድ» ነው የሚቆጥሩት!

ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም ማለት ይቻላል። ታዲያ እንዴት ተገጣጠሙ?

ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንብቡ፦ «ገበሬው ማጭዱን ሳለ።» «ሠዓሊው ሥዕል ሳለ።» «ልጁ ብርድ መትቶት ሳለ።» ማጭድ መሳል፣ ሥዕል መሳልና ጉንፋን ይዞ መሳል በትርጉም ምንም አያገናኛቸውም። በግዕዝ ሦስት የተለያዩ ግሶች ናቸው፦ ሰሐለ፣ ሠዐለ፣ ሰዐለ። አማርኛ የ«ሐ»ንና የ«ዐ»ን የጉሮሮ ድምፅ፣ የ«ሠ»ንና የ«ሰ»ን ልዩነትም ሲተው ሦስቱም ተጋጭተው «ሳለ» ሆኑ። ይህ የድምፅ አጋጣሚ ነው።

«ራስ» ግን እንደዚያ አይደለም። አንድ ግንድ ነው፣ ቅርንጫፎቹ የበዙ። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ፖሊሴሚ ይሉታል። ተማሪውን የሚያስጨንቀው «ሄድ»ም የዚሁ ዓይነት ነው።

ትርጉም በምን መንገድ ይሰፋል?

አንዱ መንገድ መመሳሰል ነው። ሰው ዓለምን የሚለካው በቅርቡ ባለው ነገር፣ በገዛ አካሉ ነው። ራስ ከላይ ነው፣ እግር ከታች። በመንዝ ብርድ ባና ተከናንባችሁ ስትተኙ ትራሱ ያለበት ወገን ራስጌ፣ እግራችሁ ያለበት ግርጌ ይባላል። «ራስ» ላይ «ጌ» ሲጨመር ራስጌ፣ «እግር» ላይ ሲጨመር ደግሞ ግርጌ ሆነ። መጽሐፍም እንደ ሰው ታስቦ ከላይ ርእስ፣ ከታች የግርጌ ማስታወሻ አለው። ከላይ ያለው ደግሞ ሌላውን ያያል፣ ይመራል፤ ስለዚህ ራስ አለቃ ሆነ። ላቲንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ራስን «ካፑት» ይል ነበር፤ ከዚያ «ካፒታል» (ዋና ከተማ)፣ «ካፒቴን»፣ «ቺፍ»፣ የወጥ ቤት አለቃው «ሼፍ» ሳይቀር ተወለዱ።

ሁለተኛው መንገድ ጉርብትና ነው። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ጓሳ ነው። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኘው፣ የመንዝ ሕዝብ በራሱ ደንብ ለብዙ ትውልድ ጠብቆ ያቆየው ሰፊ ደጋም ስሙ ጓሳ ነው። ቦታው ሣሩን አይመስልም፤ ሣሩ የበቀለበት ነው። ስሙ ከበቃዩ ወደ ማብቀያው ተሻገረ።

ማዕረጉም ባሕር ተሻግሯል። ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. «ራስ» ተባሉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ጃማይካ ውስጥ የተነሣው እንቅስቃሴ ስሙን የወሰደው ከቀድሞ መጠሪያቸው ነው፦ ራስ ተፈሪ። ከዘመዶቹ ቋንቋዎችም የዓረብኛው ራስ «ራስ አልኸይማ» በሚባለው የባሕረ ሰላጤ ከተማ ስም ውስጥ አለ። የዕብራውያን አዲስ ዓመት «ሮሽ ሀሻና»ም ትርጉሙ ርእሰ ዓመት ነው።

«እሱ» ማነው?

አሁን ወደሚያስገርመው እንምጣ። ግዕዝ ለሩቅ ወንድ «ውእቱ» ይላል። አማርኛ ይህን ትቶ «እሱ» አለ። ከየት አመጣው?

ወደ ኋላ እንሂድ። ከ«እሱ» በፊት «እርሱ» አለ፤ ዛሬም በጽሑፍ ታገኙታላችሁ። ከ«እርሱ» በፊት ደግሞ «ርእሱ»፣ ማለትም «የእሱ ራስ»። «እሷ»፣ «እሳቸው»፣ «እነሱ»፣ አክብረን የምንጠራበት «እርስዎ»ም ከዚሁ የወጡ ናቸው። ስለዚህ «እሱ ራሱ መጣ» ስትሉ፣ በታሪኩ ከሄድን፣ «ራሱ ራሱ መጣ» ማለታችሁ ነው! የመጀመሪያው ራስ በአጠቃቀም ብዛት ሟሙቶ ማንም የማያውቀው ሲሆን፣ ቋንቋው ሁለተኛውን ጨመረበት። ትግርኛ ደግሞ በሌላ በር ገባ፦ «ንሱ» የመጣው «ነፍሱ» ከሚለው ነው። አንዱ ራስን፣ ሌላው ነፍስን መረጠ።

ታዲያ ምን ይጠቅመናል?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ አዲስ ቃል ስትማሩ ፍቺዎቹን በተራ አትሸምድዱ፤ መጀመሪያ ግንዱን ያዙ፣ ከዚያ «የትኛው ጠባዩ ነው እዚህ የተወሰደው?» ብላችሁ ጠይቁ። ላይነቱ? መሪነቱ? አንድ ሙሉ ነገር መሆኑ? ወንጪት ከደጋው ተነሥቶ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። እንግሊዝኛ የወንዙን መነሻ ለምን «ሄድ» እንደሚለው አሁን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ አነጋገርን «የባላገር» ብላችሁ ለመሳቅ አትቸኩሉ። የአማርኛን ቀበልኛዎች ያጠኑ ምሁራን የመንዝን አማርኛ፣ ይኸው ቃላችን ተመልሶ መጣ፣ ራሱን የቻለ ቀበልኛ አድርገው ይቆጥሩታል። «እሱ»ን እስከ ራስ ድረስ ተከትለን መሄድ የቻልነው «እርሱ» ስላልጠፋ ብቻ ነው፤ መሀሉ ቢቀር ኖሮ መንገዱ በተቆረጠ ነበር። ስለዚህ አያታችሁ ሲያወሩ አድምጡ። «እሱ» ነው የሚሉት ወይስ «እርሱ»? ለሰውነት ክፍል «ራስ» ይላሉ፣ «አናት» ወይስ «ጭንቅላት»? የትኛውን መቼ? ደብተር ላይ ጻፉት፤ ከማን፣ የት፣ መቼ እንደሰማችሁትም ጨምሩበት። የቋንቋ ተመራማሪ ሥራውን የሚጀምረው ልክ እንደዚህ ነው።