ከባሕር ዳር ካሴት ቤት እስከ ዋሽንግተን ታክሲ

ብራያን ሺምኮቪትዝ የአፍሪካ ካሴት እየለቀመ የሚዞር አሜሪካዊ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ካረጁ ካሴቶች መሀል አንዷን አነሣ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ «ሸሞንሟናዬ»። ሲከፍታት ዘፋኝ የለባትም። አኮርዲዮኑ የድሮውን ዜማ ያንቆረቁራል፤ ከሥሩ ሲንተሳይዘርና የማሽን ከበሮ ይከተሉታል። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው? በሕይወትስ ይኖር ይሆን?

የአዲስ አበባ ሰው ቢጠየቅ ግማሹን ይመልስለት ነበር። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በሂልተን ሆቴል ሶልና ፈንኩን ከጃዝ፣ ጃዙን ከአገር ቤት ቅኝት ጋር እያዋሐደ ይጫወት ነበር። በደርግ ሰዓት እላፊ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ጭፈራው እስኪነጋ ይዘልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሙላቱ አስታጥቄ የተሳተፈበት «ቼ በለው» የተሰኘው ሸክላቸው ወጣ። ግጥም ሁሉ በሳንሱር በሚመረመርበት ዘመን፣ አብዛኛው ክፍሉ ቃል የሌለበት ሸክላ መርማሪው የሚሰርዘው ስንኝ አልነበረውም። እኔ ይህን እንደ ተራ አጋጣሚ አላየውም።

በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ጉዞ አሜሪካ ሄደ። ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኃይሉ ግን ቀረ። በ1985 እዚያው ዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን ቀረጸ። ካሴቷ አገር ቤት ገባች። እሱ ግን ውሎ አድሮ ከመድረክ ጠፋ።

ሺምኮቪትዝ የኃይሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። ስልክ ቁጥር አገኘ፤ ደወለ።

ኃይሉ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ነበር! በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራው እስኪደርስ፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ተሳፋሪ ሲመጣ ኪቦርዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። መድረክ ባይኖረውም ጣቶቹ ሥራ አልፈቱም።

«ሸሞንሟናዬ» በ2013 እንደገና ታተመ፤ በዓመቱ «ቼ በለው» ተከተለ። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ደረስጌ፣ ዳባት ወይም ደባርቅ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ከሣጥናችሁ ሥር ያረጀ ካሴት ካለ አትጣሉት። ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት፤ የሚያጫውት ቴፕ ካገኛችሁም ወደ ስልካችሁ ገልብጡት።