ቁልፉን ሳስረክብ የማልናገረው

ቅዳሜ ጠዋት ፍራንክፈርት አጠገብ ባለው ግቢያችን በር ላይ ካምፐር የተከራዩ ቤተሰቦች ይሰለፋሉ። ጀርመኖቹ ቮንሞቢል ይሉታል፤ አልጋ፣ ኩሽናና መጸዳጃ የተገጠመለት መኪና ነው። የእኔ ሥራ ማስረከብና መረከብ ነው። ለአንድ ቤተሰብ ያለኝ ጊዜ አንድ ሰዓት አይሞላም። ጋዙ እንዴት እንደሚከፈት፣ የቆሸሸው ውኃ የት እንደሚደፋ አሳይቼ ቁልፉን እሰጣለሁ። ስለ መንገዱ አልናገርም፤ ከኋላ ሌላ ቤተሰብ ቆሞ ይጠብቃል።

ሲመለሱ ግን የሄዱበትን መንገድ ከመኪናው ላይ አነበዋለሁ። የቀኝ መስታወቱ ከተሰበረ በጠባብ መንደር ውስጥ አልፈዋል። ፍሬኑ የተቃጠለ ሽታ ካለው ረጅም ቁልቁለት ፍሬን እንደረገጡ ወርደዋል። ከወራት በኋላ ደግሞ ፖስታ ይመጣል፤ ካሜራ ያነሳው፣ ሳይከፈል የቀረ የመንገድ ሂሳብ ነው። መጀመሪያ የሚደርሰው ለመኪናው ባለቤት ስለሆነ፣ ተከራዩ ዘንድ ዞሮ እስኪደርስ ቅጣት ተደርቦበታል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ከቤት የወጡት አንድ ሐሳብ ይዘው ነበር፤ የክፍያ መንገድ መሸሽ።

የአገሬ ልጆችም እየበዙ መጥተዋል። ጉዳያቸውን ጨርሰው ወደ በሩ ሲሄዱ ዞር ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ “ወንድሜ፣ ክፍያ የሌለበት መንገድ የለም?” ይሉኛል። አለ። በአንድ ደቂቃ የሚነገር ባለመሆኑ ግን እዚህ ልጻፈው። ጠጋ በሉ።

መጀመሪያ ሊብሬው

ካርታ ከመዘርጋታችሁ በፊት ሊብሬውን አውጡ። የምትፈልጉት የተፈቀደለትን ጠቅላላ ክብደት ነው። 3.5 ቶን፣ በእኛ አነጋገር 35 ኩንታል፣ የአውሮፓ የመንገድ ሂሳብ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር ነው። እስከዚያ ድረስ ያለ ካምፐር በኦስትሪያ ቪኜት፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ የሚያገለግል የመንገድ ክፍያ፣ ገዝቶ በአውራ ጎዳናው ይሄዳል። ከዚያ በላይ የሆነው ግን ጎ-ቦክስ የሚባል መሣሪያ የፊት መስታወቱ ላይ ለጥፎ በየኪሎ ሜትሩ ይከፍላል።

ስዊዘርላንድ ላይ ልዩነቱ ይበረታል። እስከ 3.5 ቶን ላለው ቪኜቱ 40 ፍራንክ ነው፤ የሚያስፈልገውም ለአውራ ጎዳናው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ካምፐር ቪኜት የለም፤ በቀን 3.25 ፍራንክ፣ ቢያንስ ደግሞ 25 ፍራንክ ይከፈላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፦ ያ ክፍያ የአገሪቱን መንገድ ሁሉ ይመለከታል። ከባድ ካምፐር ይዞ አውራ ጎዳናውን ሸሽቶ በተራራ መንደሮች የሚዞር ሰው ናፍጣውን ያቃጥላል እንጂ ከክፍያው አላመለጠም።

ለክፍያው የሚታየው ሊብሬው ላይ የተጻፈው ክብደት ነው። መንገድ ዳር የሚያስቆማችሁ ፖሊስ ግን የሚመዝነው መኪናው በእርግጥ የተሸከመውን ነው። 100 ሊትር ውኃ አንድ ኩንታል ነው። ብስክሌቱ፣ ጠረጴዛው፣ እናታችን የላኩት ሽሮና በርበሬ ሁሉ ይቆጠራል። መጥኖ መደቆስ ድስቱ ሳይጣድ ነውና፣ ጭናችሁ ስትጨርሱ አንድ ጊዜ ምድር ሚዛን ላይ ውጡ።

ቀጥሎ ቁመቱ

ፈረንሳይ መኪኖችን የምትመድበው በቁመት ነው። ከ2 ሜትር በታች የሆነ አንደኛ መደብ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ያለው ሁለተኛ መደብ ነው። 3 ሜትር የደረሰ ወይም ከ3.5 ቶን ያለፈ ወደ ሦስተኛ ይወጣል። ብዙው የቤተሰብ ካምፐር 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ የኬላው መሣሪያ አንዳንዴ ይሳሳታል። መደቡ ስክሪኑ ላይ ይታያል። “3” ካለ ካርዳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የእርዳታውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሰው አነጋግሩ፤ ከከፈላችሁ በኋላ ማስመለስ ረጅም ደብዳቤ ነው።

ጣሊያን ሌላ ሂሳብ አላት። የምታየው የአክስሉን ብዛትና በፊት ጎማው ላይ ያለውን ቁመት ነው፤ ልኩ 1.30 ሜትር ነው። ባለ ሁለት አክስል ካምፐር ረጅምም ሆነ አጭር ያው መደብ ውስጥ ይገባል። እዚያ ካርድ ወስዶ መግባት፣ ሲወጡ መክፈል ነው፤ በአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ የሄደ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ካርዱ ከጠፋባችሁ ከሩቁ መግቢያ እንደመጣችሁ ተቆጥሮ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ አንድ ቦታ ይኑረው፤ አንድ ሰውም ይያዘው።

ስልኩ የማያየው

ስልካችሁ ላይ “ክፍያ ያለበትን መንገድ ተው” የሚል ምርጫ አለ። ያ ምርጫ የሚያስበው ስለ ትንሽ መኪና ነው። ድልድዩ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የመንደሩ መንገድ ሁለት ካምፐር ያሳልፍ እንደሆነ አይጠይቅም። ቁመት፣ ስፋትና ክብደት የሚሞላበት የከባድ መኪና ወይም የካምፐር አቅጣጫ መሪ ተጠቀሙ። ከዚያም ዓይናችሁን በታፔላው ቀለም ላይ አድርጉ።

ቀለሙ ድንበር ሲሻገር ይገለበጣል። በጀርመንና በፈረንሳይ አውራ ጎዳናው ሰማያዊ ነው። በጣሊያንና በስዊዘርላንድ አረንጓዴ ነው። በፈረንሳይ አረንጓዴውን ታፔላ ተከትሎ ከክፍያ ያመለጠ ሰው፣ ጣሊያን ገብቶ ያንኑ ቢያደርግ ኬላው አፍ ላይ ይደርሳል፤ እዚያ የሚፈልገው ሰማያዊውን ነው። በፈረንሳይ ደግሞ ሰማያዊ ሁሉ አያስከፍልም። ከስሙ አጠገብ “ፔያዥ” የሚለው ቃል ካለ ነው ክፍያው።

ከፍራንክፈርት እስከ አሊካንቴ

አሁን የሚጠይቁኝን መንገድ ልንገራችሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የጀርመን አውቶባን ለካምፐር ክፍያ የለውም። መንግሥት ትናንሽ መኪኖችን ለማስከፈል ያወጣውን ዕቅድ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ውድቅ አድርጎታል። በትሪየር በኩል ወደ ሉክሰምበርግ እለፉና እዚያ ታንከሩን ሙሉ፤ ናፍጣው ብዙ ጊዜ ከጎረቤቶቿ ይረክሳል። ከዚያ የፈረንሳዩ ኤ 31 አውራ ጎዳና በሜትስና በናንሲ በኩል እስከ ቱል ድረስ በነፃ ይወስዳችኋል።

ከቱል በታች ክፍያው ይጀምራል። በኑፍሻቶና በላንግር ወደ ዲዦን የሚወርደው አሮጌው መንገድ ነፃ ነው፤ በቀን ብርሃን የስንዴ ማሳና ጸጥ ያለ ከተማ ነው። ከዲዦን በሻሎን በኩል ወደ ዲጎዋን ስትደርሱ ግን ተጠንቀቁ። ከዲጎዋን ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ድሮ ነፃ ነበር፤ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ኤ 79 ተብሎ ያስከፍላል። ኬላ የለውም፣ የሚያቆም ዘንግ የለውም። ካሜራ ታርጋችሁን ያነባል፣ እናንተም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ለምሳሌ በኢንተርኔት፣ መክፈል አለባችሁ። በ2024 ከፓሪስ ወደ ኖርማንዲ የሚወስደው መንገድም እንዲሁ ሆኗል። እኛ ዘንድ የሚመጣው ፖስታ የሚወለደው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። “ኬላ አላየንም፣ ነፃ መስሎን” ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ኬላ አልነበረም። መሸሽ የፈለገ ከዲጎዋን በላፓሊስና በቪሺ በኩል ወደ ክለርሞን ፌራን ይውረድ።

ከክለርሞን ፌራን በኋላ ደስታ ነው። ኤ 75 እስከ ቤዚዬ ድረስ ወደ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ1,100 ሜትር በላይ የሚወጣ ሰፊ የተራራ አውራ ጎዳና ሆኖ ሳለ አያስከፍልም። የሚያስከፍለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ 2004 የተከፈተው፣ ወደ 340 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሚዮ ድልድይ። ከቤዚዬ በኋላ ድሮ ኤን 9 ይባል የነበረውን መንገድ ይዛችሁ በናርቦንና በፔርፒኞን ወደ ለ ፔርቱስ ውጡ፤ የስፔን ድንበር እዚያ ነው።

ከድንበሩ ማዶ ላ ጆንኬራ ስትደርሱ አሮጌ ካርታ የያዘ ሰው ይሳሳታል። ካርታው ኤፒ-7 የተባለውን አውራ ጎዳና የክፍያ መንገድ ይለዋል። ሰዎች እሱን አምነው በባሕር ዳርቻው ከተሞች አደባባይ ለአደባባይ ሲዞሩ ይውላሉ። ከላ ጆንኬራ እስከ ታራጎና ያለው ከመስከረም 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ከታራጎና እስከ አሊካንቴ ያለው ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ነፃ ነው። ፖርቱጋልም በደቡብ ዳርቻዋ በአልጋርቬ የሚያልፈውን ኤ 22ና ሌሎች በካሜራ ያስከፍሉ የነበሩ መንገዶችን በ2025 መጀመሪያ ነፃ አድርጋለች። ካርታችሁ ከእነዚህ ዓመታት በፊት የታተመ ከሆነ ለግድግዳ ይሁን።

መሸሽ የሚከለከልበት

ወደ ጣሊያን በብሬነር ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦስትሪያ ውስጥ የብሬነር አውራ ጎዳና ከቪኜቱ ውጭ የራሱ ክፍያ አለው። ከጎኑ ነፃው አሮጌ መንገድ አለ፤ ካርታው ላይ ሲያዩት ልብ ይማርካል። ነገር ግን የቲሮል ክልል ከ2019 ጀምሮ በበዓልና በሽርሽር ወቅት ቅዳሜና እሑድ ኢንስብሩክ አካባቢ ያሉትን የጎን መንገዶች ለአላፊ መኪና ይዘጋል። መውጫው ላይ የቆመው ፖሊስ የት እንደምታድሩ ይጠይቃችሁና ማደሪያ ከሌላችሁ ወደ አውራ ጎዳናው ይመልሳችኋል። በእነዚያ የጎን መንገዶች ዳር የሚኖሩ ሰዎች ሐኪም ቤት ለመድረስ በእኛ ካምፐር ሰልፍ ሲታገቱ ኖረዋልና ሕጉን እደግፋለሁ። በሥራ ቀን፣ በማለዳ ሂዱ፤ ካልሆነም ክፈሉ።

ስንት ይበቃል?

እዚህ ጋ ነው ከልቤ የምነግራችሁ። የመጀመሪያ ጉዞዬን ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ስወጣ አንድም ሳንቲም ለኬላ አልከፍልም ብዬ ነበር። ላንግርን ሳንደርስ መሸ፣ ዝናብ ጀመረ። ስልኩ ወደ ግራ ታጠፍ አለኝ፤ ታጠፍኩ። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ የባቡር ድልድይ ሥር ሲደርስ ታፔላው 2.80 ይላል። መኪናችን 2.95 ነበር። ባለቤቴ የስልኳን መብራት ይዛ ዝናብ ውስጥ ቆማ፣ “ወደ እኔ፣ ትንሽ ወደ እኔ” እያለች ከኋላ መራችኝ። ልጆቹ ተነሥተው ያለቅሱ ነበር። ያን ሌሊት ያተረፍኩት ክፍያ ለአንድ ቤተሰብ እራት የሚበቃ አልነበረም። ባለቤቴ ግን በትኩሳት ሁለት ቀን ተኛች።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አሰላለሁ። ክፍያው 30 ዩሮ ነው እንበል። የጎን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ካምፐር በ100 ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 12 ሊትር ስለሚጠጣ፣ 8 ዩሮ ያህል ናፍጣ ተጨመረ። የተረፈው 22 ዩሮ ነው። የጎን መንገዱ ሦስት ሰዓት ካስረዘመ፣ በሰዓት 7 ዩሮ ለማግኘት መሪ ጨብጬ፣ ልጆቼን በኩርባ እያንገላታሁ ነው። ለእኔ በሰዓት ከ10 ዩሮ በታች ከሆነ እከፍላለሁ። ሰዓቱ ከመሸ ደግሞ ሳላሰላ እከፍላለሁ። ጠዋት ከሆነ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ቀኑ ረጅም ከሆነ ግን የጎን መንገዱን ለሽልማት አልለውጠውም።

ሚዮ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው። ነሐሴ ላይ እኩለ ቀን ከደረስኩ ከተማዋ በመኪና ስለምትታፈን በድልድዩ ላይ ከፍዬ አልፋለሁ። በማለዳ ከሆነ ወደ ከተማዋ እወርዳለሁ፤ ከታች ቀና ብሎ ያን ድልድይ ጉም ላይ ተንሳፍፎ ማየት ከላይ ያለፈ ሰው የማያገኘው ነው። ከዚያ በላርዛክ አምባ አልፋችሁ ወደ ሎዴቭ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ረጅም ነውና ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ ያዙት። ፍሬኑን ለአደጋ አስቀምጡት።

አሁን ቁልፍ ሳስረክብ አንዲት ወረቀት የፀሐይ መከላከያው ላይ እሰካለሁ። ቁመት፣ ስፋት፣ ክብደት፣ የታርጋ ቁጥር፣ “ኤ 79፦ 72 ሰዓት”። ሌላ ማለት አልችልም፤ ሰልፉ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከስፔን የተመለሰ ካምፐር ስረከብ ወረቀቷ እዚያው ነበረች። መስታወቱ አልተሰበረም፣ ፍሬኑ አይሸትም። ከእኔ ጽሑፍ ሥር በሌላ እጅ፣ በአማርኛ አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ “ሚዮን በጠዋት፣ በታችኛው መንገድ።”

ወረቀቷን አላነሳኋትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለመጣው ቤተሰብ እዚያው ተውኳት።