ቀፎ፣ ማሽንና ፊርማ፦ የፈረንሳይ የብር ደጋሚ የኪስ ሰዓት እንዴት ይነበባል?

ደጋሚ የኪስ ሰዓት የሚባለው አናቱ ላይ ያለውን ቁልፍ በተጫኑት ቁጥር ጊዜውን በድምፅ የሚናገር ሰዓት ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን በጨለማ ጊዜን ለማወቅ ያገለግል ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ቅርስ በመሆኑ ዘመኑን መለየት የዋጋም የታሪክም ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ ቀፎው፣ ማሽኑና ፊርማው እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው ብቻ እንደሚመሰክሩ ያስረዳል። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስልቱ መነሻ እንግሊዝ ናት። በ1687 ኤድዋርድ ባርሎውና ዳንኤል ኳር በፈጠራ መብት ተከራክረው ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ለኳር ፈረዱለት፤ የእርሱ ሥራ ሙሉውን ሰዓትም ሩቡንም በአንድ ቁልፍ ያስደውል ነበር።

ቁልፉ ሲጫን ለደወሉ ብቻ የተመደበ ትንሽ ሞላ ይጠመዘዛል። በዚያው ቅጽበት ሁለት ክንዶች በቀንድ አውጣ ቅርፅ በተሠሩ ሁለት ዲስኮች ላይ ያርፋሉ። የሰዓቱ ዲስክ 12፣ የሩቡ 4 ደረጃዎች አሉት። ክንዱ ያረፈበት ደረጃ ጥልቀት የምቱን ብዛት ይወስናል። ስለዚህ የሩብ ደጋሚ ሰዓት 7፡50 ሲል 7 ነጠላና 3 ጥንድ ምቶች ያሰማል፤ የቀሩትን 5 ደቂቃዎች አይናገርም።

መዶሻዎቹ የሚመቱት ነገር የዘመን ምልክት ነው። ቀደምት ሥራዎች ከቀፎው ሥር ደወል ነበራቸው። በ1783 አብርሃም ሉዊ ብሬጌ በፓሪስ ደወሉን በተጠማዘዘ የብረት ሽቦ ተካው፤ ሰዓቱም ሊቀጥን ቻለ። ስለሆነም ከመነሻው ለሽቦ የተሠራ ማሽን ከዚያ ዓመት በፊት ሊመደብ አይችልም።

የቀፎው ማኅተም የሚናገረው ሌላ ነው። የ1797 ሕግ የብር ጥራትን ከ1000 እጅ 950 እና 800 በሚሉ ሁለት ደረጃዎች ከፈለ። ከ1838 ጀምሮ ለአነስተኛ ዕቃዎች በፓሪስ የዱር አሳማ ራስ፣ በክፍለ ሀገር ደግሞ ሸርጣን ይመታ ነበር፤ ሁለቱም ቢያንስ 800 መሆኑን ያረጋግጣሉ። ማኅተሙ ብሩ መቼ እንደተፈተነ እንጂ ማሽኑ መቼ እንደተሠራ አያሳይም።

ፊርማም ብቻውን አያስተማምንም። የብሬጌ ስም እጅግ በመመሳሰሉ በ1795 ገደማ በሰዓቱ ገጽ ላይ በዓይን በቀላሉ የማይታይ ምስጢራዊ ፊርማ መቅረጽ ጀመረ።

እንግዲህ የደወል ማሽን የዱር አሳማ ራስ በተመታበት ቀፎ ውስጥ ቢገኝ ተመራማሪው ሐሰተኛ ነው ብሎ ከመፍረዱ በፊት ሁለት አማራጮችን ሊመዝን ይገባል፦ አሮጌው ማሽን አዲስ ቀፎ ለብሶ ይሆናል፤ አለዚያም አሮጌው ቀፎ ዳግም ለሽያጭ ሲቀርብ ተፈትኖ ማኅተም ተመቶበት ይሆናል።